በሸክላው ጩኸት ውስጥ

ያኔ ናዝሬት ላይ በቀይ ሽብር ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር። የኔን ልጅ በገደሉት ማግስት ቀበሌው «ድምፅ እንዳይሰማ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ጎረቤቴ ድንቄ በጓሮ በኩል ስትገባ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ልታፈን ደርሻለሁ። ልጄ የሚወደው አንድ የፈረንጆች ሸክላ ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳ። አንዱ ዘፈን ብቻ ገጹን ሙሉ ይይዛል፤ ጊታሩ ሲንጫጫ ይቆይና ሕዝቡ እያጨበጨበ ይጮሃል። ድንቄ እሱን አስነስታ ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቀችው። ጩኸቱ ሲጀምር «በይ አሁን አልቅሺ፣ እህቴ!» አለችኝ። «ልጄን! ወየው ልጄን!» አልኩ።

ወዲያው በሩ ተበረገደ። የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቷል።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?»

«ሙዚቃ ነው፣ የኔ ጌታ» አለች ድንቄ።

ፊቴን አየው። «እትዬ በላይነሽ፣ ደስ ብሎሻል ማለት ነው?»

ድንቄ የልጆች እናት ናት፤ በኔ ጦስ ልትታሰር ነው። «አዎ፣ ደስ ብሎኛል» አልኩት።

«እስቲ አጨብጭቢያ!»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ልጄን ለገደሉት፣ ከፈረንጆቹ እኩል አጨበጨብኩላቸው።