ባለቤቱ ማን ይባል?

ከአጣዬ ወደ ደብረ ሲና በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ሁለት የሽንኩርት ነጋዴዎች ያወራሉ።

«የድርጅትህ ፋይል በኢንተርኔት የሚቀመጥበት ክላውድ አላስገባ አለህ አሉ?»

«ወላሂ ተሰርዤ ነው!»

«ማን ሰረዘህ?»

«አባቴ።»

«እሳቸው ኮምፒውተር የት ያውቃሉ?»

«ክላውዱን የሸጠልን የአዲስ አበባ ልጅ ሲከፍትልኝ፣ ‹የአካውንቱ ባለቤት ማን ይባል?› አለኝ። አባቴ በሕይወት እያሉ እኔ ነኝ ልበል?»

«አይባልማ!»

«በሳቸው ስምና ስልክ አስመዘገብኩ። ሰሞኑን ሊያድሰው ደውሎ፣ ‹ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፣ ማን ማን ይጠቀም?› አላቸው።»

«እሺ?»

«‹ለአረፋ እንኳ መጥቶ ያልጠየቀኝን ልጄን አውጣልኝ› አሉት።»

«ማንን አስገቡ ታዲያ?»

«ማንጎ ይዞ የጠየቃቸውን ዘበኛዬን!»

ሸዋ ሮቢት ልወርድ የተነሳሁት ሰውዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ የእኔም አባት የሚኖሩት ደብረ ሲና ነው።