ያልፈሰሰው ነዳጅ

«ነዳጅ ፈሰሰ! ባሕሩ ጠቆረ! አቶ በቀለ፣ ልጄን አድኑልኝ!»

ጎረቤቴ ጋሽ ጥላዬ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ደጄ ላይ ሲደርሱ፣ ከባሕር በራቀው የሱዳን ሰፈራችን በካላክላ ባሕር ከየት መጣ ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ሴት ልጃቸው ሜላት ክፍሏ ውስጥ በዐረብኛ «ነዳጅ ፈሰሰ» እያለች ስትጮህ ሰምተዋል። ወንድሟ ተድላ ደግሞ ፖርት ሱዳን በዓሣ ጀልባ ላይ ይሠራል፤ ስልኩን አላነሳም።

ሜላት እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ልምምድ እኮ ነው! በሚቀጥለው ሳምንት የቀይ ባሕር አገሮች ነዳጅ ባሕር ላይ ቢፈስ ምን እንደሚያደርጉ ፖርት ሱዳን ላይ አብረው ይለማመዳሉ። እኔም ከዩኒቨርሲቲ ተመርጬ የሬዲዮ መልእክት አስተላላፊ ነኝ።»

«ሳይፈስ ፈሰሰ ማለት ሟርት ነው! ወንድምሽ ባሕር ላይ እያለ? አትሄጂም!»

አነጋገራቸው የዳኛ ነበር፤ ጣታቸው ግን የተድላን ቁጥር ደጋግሞ ይጫን ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባዬ፣ አሁን ሲደነግጡ ለማን ደወሉ?» አለች ሜላት።

«ለወንድምሽ። ከዚያ ለአክስትሽ። ከዚያ… ለባለ ረክሻው ለኦመር።»

«ኦመር ባሕሩን በባለ ሦስት ጎማ ረክሻው ሊያመላልሰው ነው?» አልኩ፤ አላስቻለኝም።

«ኦመር ጨዋ ሰው ነው!»

«አገሮቹም ሲደነግጡ እንደዚሁ ለማን እንደሚደውሉ አያውቁም፣ አባዬ» አለች ሜላት። «ነዳጁ እንደኛ ኬላ ላይ ቆሞ ወረቀት አያሳይም፤ ነፋሱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። አንዱ ጋ ነዳጁን የሚያጥር ተንሳፋፊ ማገጃ አለ፣ ሌላው ጋ መርከብ። ማን ለማን እንደሚደውል ቀድመው ካልተስማሙ፣ ፈቃድ ሲጠያየቁ ባሕሩ ያልቃል።»

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ብለው ሳይጨርሱ ስልኩ ጮኸ። ተድላ ነበር። መረብ ሲጠግን ስልኩን አልሰማም።

ጋሽ ጥላዬ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረጉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ነዳጅ ፈሶ ብታይ ለማን ትናገራለህ?» አሉት።

«ለአለቃዬ ነዋ።»

«እሱስ?»

«እሱማ ዝም በል ነው የሚለኝ። ወሬው ከተሰማ ዓሣውን ማን ይገዛዋል?»

እዚህ ላይ እኔም ቀልዴን ዋጥኩ። ወሬው ቶሎ ከተሰማ ማገጃው ከነዳጁ ቀድሞ ይደርሳል፤ ዳርቻው ይተርፋል፣ ተድላም በማግስቱ መረቡን ይጥላል። ወሬው አለቃው ጋ ከቀረ ግን የሚጠፋው የተድላ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ከባሕሩ ማዶ፣ በሌላው አገር ያለውም ዓሣ አጥማጅ ጠዋት ተነስቶ ጥቁር ውኃ ያገኛል።

ጋሽ ጥላዬ ስልኩን ዘግተው ወደ ሜላት ዞሩ።

«ይሁን፣ ሂጂ። ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ልብስሽን አዘጋጂ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ልጄ፣ እነዚያ ማዶ ያሉት፣ ሲደወልላቸው ያነሳሉ?»

«እሱን ለማወቅ ነው የምሄደው።»