የአምሃ ባለ አራት ገጽ መመሪያ

አምሃ ትምህርቱን የጠገበ የሂሳብ ባለሙያ ነበር፤ ችግሩ ይህን ራሱም አሳምሮ ማወቁ ነው። ወረርሽኙ ጆሃንስበርግ በገባ በአራተኛው ወር፣ በሐምሌ ብርድ፣ ፎርድስበርግ ውስጥ ከአንድ ጅምላ አከፋፋይ ደጅ ተሰልፎ ነበር። በቢጫ ቀለም በተሰመረለት ቦታ ቆሞ፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ፣ በስልክ ይቆጣል።

«ዮአብ፣ ስንቴ ልንገርህ? ወረቀቱን በደንብ አንብበው! ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል» አለና ዮቪል ሰፈር ባለሱቅ በሆነው በዮአብ ጆሮ ላይ ዘጋበት።

«እኔ ግን አንብቤዋለሁ» አለ ከኋላው አንድ የሴት ድምፅ።

ዞር ሲል ሃምሳ ዓመት የተሻገራቸው ሴት ላፕቶፕ በፎጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቆመዋል። ወይዘሮ በለጥሽ ይባላሉ፤ የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ ከከፈቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከቦርሳቸው አራት ገጽ ወረቀት አወጡ፤ ከመታጠፉ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል።

«ይህን የጻፍከው አምሃ አንተ ነህ?»

«አዎ እትዬ፤ ምን ልርዳዎት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የነጋዴዎች ማኅበሩ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበትንና የሚያሻሽለውን አንድ የሂሳብ ፕሮግራም መርጦ ነበር። አጫጫኑን የሚያስረዳውን ይህን መመሪያ በአማርኛ የጻፈው አምሃ ነው። በዚያን ሰሞን ዕቃ ስላጠረ አከፋፋዩ የሦስት ወር ሂሳብ በኢሜይል ላላቀረበ ሱቅ ኮታ እንደማይሰጥ አሳወቀ። የመጨረሻው ሰዓት የዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ነበር። ወይዘሮ በለጥሽ ኮታውን ካጡ መደርደሪያቸው በሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ከሱቁ ሌላ ደግሞ ምንም መተዳደሪያ የላቸውም። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

«ሦስቴ ጫንኩት፤ ሦስቴ ዳታ ገዛሁ። ሁሉም ደህና ይሄድና የሽያጩን ሠንጠረዥ ሳስገባ ኤረር ይለኛል።»

«አይቆጡኝና፣ አንድ መስመር ዘለው ይሆናል። ወረቀቱ ልክ ነው። እኔ ራሴ አሥር ጊዜ ሞክሬዋለሁ።»

«አንተማ ሥራውን ታውቀዋለህ! የራስህን ቤት ለማግኘት አቅጣጫ ትጠይቃለህ እንዴ?»

«እንግዲያው ላፕቶፑን ይስጡኝ፤ ወዲያው እጨርስልዎታለሁ።»

ወይዘሮ በለጥሽ ፎጣውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «አይሆንም። ለዛሬ ታድነኛለህ፤ ነገ ሲበላሽስ? አንተስ ብትታመም? በዚህ ጊዜ ነገ ማን ስልኩን እንደሚያነሳ ይታወቃል? እኔ እያነበብኩ ልሥራ፣ አንተ ቁጭ ብለህ እየኝ። አፍህን ግን እንዳትከፍት።»

«ሰዓቱ እኮ እየሄደ ነው እትዬ!»

«የሚዘጋው የኔ ሱቅ ነው፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?»

አምሃ ተናደደ። ተራውን ጥሎ ከሰልፉ ወጣ። እውነቱን እንናገርና፣ የወጣው ለርኅራኄ ብሎ ሳይሆን የዘለሉትን መስመር በጣቱ ሊያሳያቸው ነበር።

በተገለበጡ የለስላሳ ሳጥኖች ላይ ተራርቀው ተቀመጡ። ባትሪው ሠላሳ አንድ በመቶ ይላል። ወይዘሮ በለጥሽ ጣታቸውን ከየቃሉ ሥር እያስኬዱ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«‹ፋይሉን አውርዱ።› ስንት ሜጋ እንደሚበላ አይናገርም። ዳታዬ መሃል ላይ ያለቀው ለዚህ ነው። ‹የወረደውን ክፈቱ።› የት ሄዶ ነው የማገኘው? ይህችን ፍለጋ አንድ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።»

አምሃ ሊመልስ ሲል ጣታቸውን አነሱበት። እስካሁን አንድም መስመር አልዘለሉም።

«‹የሂሳብ ዓመቱን ያስገቡ።›» ወይዘሮ በለጥሽ ሳያመነቱ 2012 ብለው ጻፉ።

አምሃ ብድግ አለ።

ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር በእርግጥ 2012 ነበር። በአማርኛ ተጠይቀው በአማርኛ ልማድ መለሱ፤ ምን አጠፉ? ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ዘመን ነው። ደረሰኞቻቸው በሙሉ 2020 የሚሉ ናቸው፤ እነሱን ከስምንት ዓመት በፊት በተከፈተ መዝገብ ማስገባት እንዴት ይቻላል? አምሃ በሞከረባቸው አሥር ጊዜያት ሁሉ ሳያስበው እጁ 2020 ጽፎ ነበርና መስመሩ ጎዶሎ መሆኑ ታይቶት አያውቅም።

«ምነው? አጠፋሁ?»

«አላጠፉም» አለ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የፈረንጁ ዓመት ነው የሚጻፈው።»

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ለምን አላልክም?»

«የሚታወቅ መስሎኝ ነበር» አለና አፈረ።

ዓመቱን አስተካክለው እንደገና ጀመሩ። ሠንጠረዡ ያለ ምንም ኤረር ገባ። ባትሪው ሰባት በመቶ ሲቀረው፣ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ላይ፣ በአምሃ ስልክ ኢንተርኔት ሂሳቡ ተላከ። «ተቀብለናል» የሚለው መልስ ሲመጣ ወይዘሮ በለጥሽ ፊታቸውን በፎጣው ሸፍነው አለቀሱ።

ያኔ ነው አምሃ ዮአብን ያስታወሰው። ሦስቴ ደወለ። ስልኩ ሲነሳ ሰዓቱ አሥር አልፏል።

«ዮአብ፣ ዓመቱን ስንት ብለህ ጻፍክ?»

«2012። ተወው አምሃ፤ ማሽኑን ዘግቼዋለሁ። እኔ ለካ ማንበብ እንኳ አልችልም።»

አምሃ በማግስቱ ወደ ዮቪል ሄደ። አዲስ የጻፈውን መመሪያ ዮአብ ፊት አኖረና «ማንበብማ ትችላለህ። መጻፍ ያልቻልኩት እኔ ነኝ። አንብበህ ሥራ፤ እኔ አልናገርም» አለው። ዮአብ ሁለት ቦታ ላይ ተደናቀፈ፤ ሁለቱም ቦታ እዚያው ታረመ። ኮታው የተመለሰለት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያንን ያህል ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ሲጠብቅ ከረመ።

አዲሱ መመሪያ የፋይሉን መጠን፣ ወርዶ የሚቀመጥበትን ቦታና የዓመቱን አጻጻፍ በግልጽ ይናገራል። አምሃ እርማቱን ለፕሮግራሙ ሠሪዎችም ላከ፤ በደስታ ተቀበሉት። በጥር በሽታው አምሃን ራሱን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ሲጥለው ከማኅበሩ ሱቆች የአንዱም ሂሳብ አልተቋረጠም፤ አዳዲሶቹ አባላትም ማንንም ሳይለማመጡ በገዛ እጃቸው ጫኑት። ወረቀት የሚጽፍ ሁሉ የማያውቅ ሰው ሲያነበው ዝም ብሎ ቢመለከት ስንት ሰው ከኀፍረት በዳነ!

በመመሪያው ራስ ላይ፣ ከሁሉም መስመር በፊት፣ ለዮአብ ሲል የጻፋት ዓረፍተ ነገር ዛሬም አለች፦ «እዚህ ላይ ከተቸገራችሁ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ ደውሉልን፣ እናርመዋለን።»