ባል ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ

በንጉሡ ዘመን ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ የምትወጣው የጭነት መኪና ሰውንም ጨውንም በአንድ ዓይን ነበር የምታየው። እኔ ከጨው ከረጢቴ ላይ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ የማይተዋወቁ አንዲት ተማሪና አንድ አዛውንት ያወራሉ።

«አዲስ አበባ ዲግሪሽን ከያዝሽ ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ሁለተኛውን ባሕር ማዶ ልማር ነው፣ አባባ። አባቴ ግን መጀመሪያ ባል አግቢ ይላል። ዛሬ ልለምነው ነው የምሄደው።»

«ትምህርቱ ምንድን ነው?»

«የቤት ውስጥ ዲዛይን። የቤቱን ውስጥ ለሰው እንዲመች አድርጎ ማሰናዳት።»

«ይህንማ ሚስቴ ሳትማር ታደርገዋለች።»

«ባለቤትዎ የት ነው የሚያበስሉት?»

«ጓዳ ነዋ።»

«ጭሱስ?»

«እሱም እዚያው ነው።»

«በቅሎዎስ የት ታድራለች?»

«በሩ አጠገብ። አየር ትወዳለች።»

«እንግዲህ ባለቤትዎ እንደ በቅሎዎ አየር እንዲያገኙ ነው የምማረው።»

የተሳፈረው ሁሉ ሳቀ። አዛውንቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ይህን ለአባትሽ ነግረሽዋል?»

«ለአባት እንዲህ ይባላል?»

«እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ። ሽማግሌ ሆኜ ከቤቱ እገባለሁ።»

«ለጋብቻ የመጡ ይመስለዋል።»

«ይምሰለው። ሽማግሌን ሳያስቀምጥ አይመልስም፤ እኔ ደግሞ ከተቀመጥሁ እሺ ሳይለኝ አልነሣም።»

«ሽማግሌ ብቻውን አይሄድማ።»

«ሌላ አንድ ሰው ከዚሁ መኪና አይጠፋም።»

ንፋስ መውጫ ስንደርስ፣ ጨዌን ከማውረዴ በፊት ጋቢዬን አጣፍቼ ከአዛውንቱ ጎን ቆምሁ።