የእግር ሾርባ አይደለም
«መዳም፣ ይሄ እኮ ተቀቅሎ የረጋ የበሬ ቆዳ ነው፤ እናቴም የእግር ሾርባ ታረጋለች» ብሎ የፈጠራ መብት መርማሪው የሟች ባለቤቴን የተሾመን ማመልከቻ መለሰብኝ። ተሾመ ከበሬ ቆዳ አውጥቶ፣ ለተቃጠሉ ሰዎች ሰው ሠራሽ ቆዳ መሥሪያ እንዲሆን ዕድሜውን የጨረሰበትን የረጋ ነገር! ደሜ ፈላ። በማግስቱ የረጋ የእግር ሾርባና የተሾመን ሥራ በሁለት ብርጭቆ ከፍሪጅ አውጥቼ፣ ከሰፈሬ ከካርቲየ 1 ወደ መርማሪው ቢሮ በእግሬ ሄድኩ። ቢሮው ስደርስ የጅቡቲ ሙቀት ሾርባውን ውኃ አድርጎታል። የተሾመን ብርጭቆ ፊት ለፊቱ ገለበጥኩት፤ ጠብ አላለም። «ይኸኛው የእናትዎ ነው፣ ይጠጡት። ያኛው የባሌ ነው፣ ይመርምሩት።»

ሳቀና ፋይሉን መልሶ ከፈተ። «ባለቤትዎ ስለሞቱ፣ ፈጣሪ በሚለው ቦታ የእርስዎን ስም እንጻፍ?»

«የሠራው እሱ ነው፤ ስሙ አይነካም። ለመጨቃጨቁ እኔ አለሁለት» አልኩት።