የእትዬ ራዚያ ሉህ

አይሆንም ጋሸ ኑርዬ፣ «በቤት እመቤትነት ኖሩ» ተብሎ አይነበብም። የላክህልኝን የሕይወት ታሪክ ወረቀት አየሁት፤ ዘጠኝ መስመር ነው፣ ከዘጠኙ ሦስቱ ስለ አባቴ በሬዎች ነው። «የትምህርት ቢሮው አብዱልመናን ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጧል፣ በለቅሶ መሀል የቢሮ ጣጣ አይነሳም፣ ነውር ነው» ያልከውንም ሰምቻለሁ። ይቀመጥ። ደህና አድርጎ ይቀመጥ፣ ሻይም ስጡት። እኔ ሪያድ ሆኜ የእናቴን ጀናዛ አልተሸከምኩም፣ አፈር አላለበስኩም፤ ታሪካቸውን እንኳ በድምፄ ልናገር። ወረቀቱን እጠፈውና ስልኩን ማይኩ ላይ አስጠጋልኝ። ቢስሚላህ።

እናቴ እትዬ ራዚያ በ1969 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ ከአባታቸው ከሸህ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐቢባ ተወለዱ። አባታቸው ቁርአን የሚያስቀሩ መምህር ነበሩ። ደረሶቹ፣ ተማሪዎቻቸው፣ ግቢው ውስጥ ሉሃቸውን ጭናቸው ላይ አስደግፈው ሲቀሩ፣ እትዬ ራዚያ ከግድግዳው ማዶ እህል እያበጠሩ ይሰሙ ነበርና፣ አንዱ ደረሳ ሲሳሳት ከማዶ ሆነው ያርሙት ነበር፤ ሸህ ይመርም «ሌላ ሸህ ቤቴ አለ እንዴ?» እያሉ ይስቁ ነበር። ውጫሌ በእግራቸው እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፣ ዘጠነኛ ሊመዘገቡ ሲሉ ተዳሩ። ሌላዋ ሙሽራ ሳጥን አሸክማ ስትወጣ፣ እሳቸው ከአባታቸው ቤት አንድ ሉህ ይዘው ወጡ፤ ያንን ተጽፎበት፣ ተቀርቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና የሚጻፍበትን እንጨት። «ማገዶ ይዛ መጣች» ተብሎም ተሳቀባቸው።

አርዲቦ ሐይቅ ዳር ከአቶ ሙዘይን ጋር ጎጆ ወጥተው አምስት ልጅ ወለዱ። ታናሽ እህታቸው ሙጂባ ጅዳ ስትሄድ ሦስት ልጆቿን እሳቸው ላይ ጣለች፣ ተቀበሉ። በ2010 ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሲያጨበጭብ፣ የበኩር ልጃቸው ሐቢብ፣ ይኸው እኔ፣ ባሕር ሊሻገር ሻንጣውን አነሳ። «ለውጡ አንተ ጋ ሳይደርስ ነው የምትሄደው?» አሉት። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በሬዲዮ ተማሩ ተባለ፤ ሬዲዮኑ ባትሪ የለውም። ተከፈተ ሲባል፣ ለወግ ጥቂት ደወል ተደውሎ፣ በ2014 ጦርነቱ መጣ። ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ሆነ፣ ዴስኩ ሁሉ ተፈልጦ ነደደ። አብዱልመናን በቢሮው መኪና አዲስ አበባ ገባ። በመሄዱ አልፈርድበትም፣ የቢሮ ሰው ሊያዝ ይፈለጋል ተብሎ ነበር። ሚስቱና ልጁ ሂንድ ግን እዚሁ ቀሩ፣ ሂንድም ጧት ጧት ከእትዬ ራዚያ ደጅ አትጠፋም ነበር። በቤት ካሉት ሰባት ልጆች ጋር ስምንት ሆኑ፤ ትንሿ ሪታጅ አምስት ዓመቷ፣ ትልቋ እህቴ ሳጂዳ አሥራ አራት። ደብተር የለም፣ እስክሪብቶ የለም። እትዬ ራዚያ ሉሁን ከግድግዳ አወረዱት።

አስተማሪነት እንዴት እንደሆነ የማታውቁ ስሙ። ጧት የከበደውን ትምህርት ለሳጂዳ ይጽፉላታል። ሳጂዳ ስታውቀው ሉሁን ታጥበውና ከሷ ለሚያንሰው ለሀሚዱ የሱን ትጽፍለታለች፣ ሀሚዱ አጥቦ ለተከታዩ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ሪታጅ ጋ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ጥያቄው ከታች ይጀምራል። ሪታጅ ከተሳሳተች የሚቆጡት ሪታጅን አይደለም፣ ከላይዋ ያለውን ነው። «ታናሽህ ካላወቀች አንተ አላወቅክም» ይሉታል፣ አለቀ። ቀለሙን ጎረቤታቸው መሪጌታ አስረስ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩት፣ በመርፌ ብልቃጥ በጥብጠው ያመጡላቸው ነበር። «እትዬ ራዚያ፣ በዚህ ቀለም ዳዊት ነው የሚጻፍ፤ ማባዣ ሲጻፍበት ያየሁት እርስዎ ቤት ነው» ቢሏቸው፣ «ማባዛትም የአላህ ነው መሪጌታ፣ ነገ ጨመር አድርገው ያምጡ» አሏቸው።

ሪታጅ ደግሞ የቁርአን ሉህ እጣቢ ለልብ ብርሃን ይጠጣል ሲባል ሰምታ፣ የሰባትን ማባዣ እጣቢ በጣሳ ተቀብላ ግጥም አደረገችው። አፏ ጠቁሮ ስትመጣ እትዬ ራዚያ ትክ ብለው አይተዋት፣ «ሰባት ጊዜ ስምንት?» አሉ። «ሃምሳ ስድስት»። «በሉ እናንተም ጠጡ» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። ከባድ መሣሪያ እየተተኮሰ ነው ይኼ ሁሉ፣ ወላሂ።

ስህተታቸው ይቺው ናት፣ ማጠባቸው። ደወሉ በ2015 እንደገና ሲደወል «ልጆቹ የተማሩበት ማስረጃ የታል?» ተባለ። ያን ሁሉ ጊዜ የተማሩት ታጥቦ ሄዷል። እትዬ ራዚያ ሉሁን በነጠላ ጠቅልለው ቢሮ ገቡ፣ አብዱልመናን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «እትዬ፣ ይኼ ባዶ እንጨት ነው» አላቸው። «ባዶ የሆነው ስለጨረስነው ነው። ልጆቹ ውጭ ቆመዋል፣ ጠይቃቸው።» «መመሪያው ልጅ ጠይቅ አይልም።» አራት ጊዜ ሄዱ። አራተኛው ላይ «ለመሆኑ አስተማሪዋ ማን ነበረች?» ተባሉ። «እኔ» ሲሉ ቢሮው ሳቀ። የስምንተኛን ሒሳብ የጨረሰችው ሳጂዳ ስድስተኛ ክፍል፣ ከሕፃናት ጋር ተቀመጪ ተባለች። አንድ ሳምንት ተቀምጣ ተወችው። አሁን ፓስፖርት አውጥታ ጅዳ ልትሄድ ነው፣ የሰው ቤት ልትጠርግ። እናቷ አንድ ልጅ ለባሕር ሰጥተው ነበርና፣ ሁለተኛዋን አልሰጥም ብለው ነው አራት ጊዜ የሄዱት።

በ2016 መንገዱም ትምህርት ቤቱም መልሶ ሲዘጋ፣ እሳቸው ሉሁን መልሰው አወረዱ። ስኳር በሽታው የጠናባቸው ያኔ ነው፣ መድኃኒት የለም፣ መኪና የለም። ተኝተውም ይጠይቁ ነበር፤ ሳጂዳ ላብ ስትጠርግላቸው እንኳ ቀመር ያስወጧት ነበር። ባለፈው ማክሰኞ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። የመጨረሻ ቃላቸው ዱዓ ነው ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ዱዓውን አድርገዋል፣ ከዱዓው በኋላ ግን «ይቺን እንዳታጥቧት» ብለው ወደ ሉሁ ጠቁመዋል።

ባለቤታቸውን፣ አምስት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የእህት ልጆቻቸውን፣ ከነዚህም ውስጥ ዛሬም ያለ ክፍላቸው የተመዘገቡትን ሰባቱን ትተው ሄደዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያስተማሩትን ፊደል ሁሉ ብርሃን አድርጎ ያብራላቸው። አሚን በሉ።

አሁን ጋሸ ኑርዬ፣ ሉሁን አምጣውና አብዱልመናን ፊት አስቀምጠው። የሳጂዳ ጽሕፈት ነው፣ አልታጠበም፣ ባዶ እንጨት አይደለም። አብዱልመናን፣ ስማኝ። ጦርነቱ ሲመጣ ሂንድ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ትምህርት ቤት ስትመለስ አንድም ደብተር አልነበራት፣ የሪታጅን እጣቢ አብራ ስትጠጣ ነው የከረመችው፤ አንተ ግን በራስህ ማህተም አራተኛ ክፍል አስገባሃት። ያንን የምዝገባ ቅጽ ስትሞላ፣ «የአስተማሪ ስም» በሚለው ቦታ ላይ የማንን ስም ጻፍክ?