በቀይ እስክሪብቶ የታረመ ክስ

እትዬ አገርነሽ፣ ዛሬ ልንሸኝዎ ተሰብስበናል፤ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ መጀመሪያ ትምህርት ቤታችን የመጡ ዕለት ጥበቃው ጋሽ ገድሉ «ወላጅ ነዎት?» ሲሉዎት ምን እንደመለሱ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። «አይደለሁም! ይልቅ ይህን የበር ሰሌዳ የጻፈውን ሰው ጥሩልኝ።» እንግሊዝኛው ካልታረመ አልገባም ብለው ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ጋሽ ገድሉ እስከ ዛሬ ድረስ ከክልል የተላኩ ተቆጣጣሪ ይመስሏቸዋል።

ከቀይ እስክሪብቶዎ ያመለጠ ወረቀት የለም። የሠርግ መጥሪያዬን እንኳ አርመው ነው የመለሱልኝ፤ ባለቤቴ አሁንም ታነሣዋለች። አትሳቁ፣ የእናንተም ታርሟል!

ተማሪዎች ግን የማይረሱት «ዲቴስት» የምትባለውን ግስ ያስተማሩበትን ቀን ነው። አንዱ ተነሥቶ «አይ ዲቴስት ጎመን» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እርስዎ አልሳቁም። «ልጄ፣ ጎመን ምን በደለህ? ካልጣፈጠህ አልወድም በል። ሰው ቢያናድድህ ጠላሁት በል፤ ነገ ትታረቃለህ። ይህች ቃል ግን ለምትጸየፈው፣ ስሙ ሲነሣ ለሚያቅለሸልሽህ ክፉ ሥራ ናት። በዕድሜህ አንዴ ካስፈለገችህ ብዙ ነው» አሉት።

እንግዲህ ሳቁ እዚህ ላይ ይብቃ።

ከአራት ዓመት በፊት የወደቁትን አሳልፉ ተባልን። ሁላችንም አሳለፍን፤ እርስዎ ብቻ እምቢ አሉ። አሳፈሩን። እፍረታችን ደግሞ ቁጣ ሆነና ክስ ጻፍን። የእንግሊዝኛ መምህራን ነንና፣ የኛ ነገር፣ በእንግሊዝኛ ጻፍነው። የወይዘሮ አገርነሽን ጠባይ «ዲቴስት» እናደርጋለን ብለን ስድስት ሰዎች ፈረምን። ርእሰ መምህሩ መልስ ይስጡበት ብሎ ሰጠዎት። በማግሥቱ ታርሞ መጣ፤ ከዐሥር አራት። ከግሱ ሥር በቀይ «ለዚህ አይሆንም» የሚል ተጽፎበታል።

በዚያ ክስ ሰበብ ከክፍል አውጥተው ቤተ መጻሕፍት ከተቱዎት። አራት ዓመት የመጽሐፍ አቧራ ሲያራግፉ በመስኮቱ እያየን ሻይ ልንጠጣ እናልፍ ነበር። ልጆቹም አንዲት አንቀጽ ማንበብ ሳይችሉ ከእጃችን እያለፉ ወጡ። እርስዎ ግን አንድም ቀን ፊት አልነሡንም፤ ጠዋት ጠዋት ቀድመው እንደምን አደራችሁ ይሉን ነበር። ለዚህ አመሰግንዎታለሁ፤ ያ ሰላምታ ግን ከስድብ ይልቅ ያመኝ ነበር።

አንድ ቀን «ክንዱ፣ ያችን ግስ ማን መረጣት?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ እንጃ» አልሁ።

እኔ ነኝ። መዝገበ ቃላት ገልጬ፣ ከሁሉ የምታምዎትን ፈልጌ መረጥኋት። ለምን ዓይነት ሥራ እንደምትሆን ዛሬ ገብቶኛል፤ ያን ዕለት ለሠራሁት ሥራ ትሆናለች።

ወዳጆቼ፣ ብርጭቆ አንሡ። እትዬ፣ ዕድሜና ጤና አይለይዎ፤ የጣና ነፋስ የኛን ክፋት ከልብዎ ይውሰድልዎ። በሉ፣ ለእሳቸው ጠጡ። እኔ ግን፣ እትዬ፣ እርስዎ «ጠጣ» እስኪሉኝ ድረስ ብርጭቆዬን እንደያዝሁ እቆማለሁ።